ፊት ነው ጫማ? ለባሕር ዳርቻ ፊልም ስመርጥ የኖርኩበት ዘመን

ባለፈው ሰመር ሲገባ፣ ከቅዳሴ ወጥተን ደጅ ላይ ቆመን ሳለ፣ የጎረቤቴ ልጅ ሜሮን አንድ አሮጌ ካሜራ ይዛ ወደ እኔ መጣች። እኔ ሥራ ላይ በነበርኩ ጊዜ እንዲህ ያለውን ካሜራ ሰው መኪናው ወንበር ላይ ወርውሮት ይሄድ ነበር። እሷ ግን እንደ አራስ ልጅ በሁለት እጇ አቅፋዋለች።

«አባባ ግርማ፣ ድሮ ፎቶ ቤት ነበር አሉ የሚሠሩት። ከፍሬንዶቼ ጋር ቬኬሽን ልንሄድ ነው፣ ቢች። የትኛውን ከለር ፊልም ልግዛ?»

ፊልም እንደገና መሸጥ መጀመሩን የሰማሁት ያን ቀን ከእሷ አፍ ነው። እኛ የሠራንበት ሱቅ ሲዘጋ፣ ማሽኑን ሁለት ጎረምሶች በጋሪ እየገፉ ሲያወጡት ቶሮንቶ፣ ዳንፎርዝ መንገድ ላይ ቆሜ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲያ አበቃ ብዬ ነበር። ለካስ አበቃ ያልነው ሁሉ አያበቃም።

«ቆይ፣ ልጄ፣ ፊልሙ የትም አይሄድም» አልኳት። «መጀመሪያ እኔ ልጠይቅሽ። የት ነው የምትሄጂው? ማን ነው የሚነሳው? ፀሐይ የት እያለች ነው የምታነሺው?»

ሦስቱንም መለሰችልኝ። ኩባ ነው፣ የሚነሱት ጓደኞቿ ናቸው፣ ፀሐይዋን ግን አላሰበችበትም።

«አራተኛው፦ ፊት ነው ጫማ?»

«ዋት?» ብላ ሳቀች። «ጫማ ማን ፎቶ ያነሳል፣ አባባ?»

ነገሩ ረጅም ነው አልኳትና ሁለት መቶ የሚል ቁጥር ያለበትን ፊልም ግዢ፣ ወደ ማታ ገደማ አንሺ ብዬ አሰናበትኳት። ቤት ገብቼ ግን ሳቋ ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ የቆመ ሰው ነኝ፤ ጽሑፍ አላውቅበትም። ቢሆንም ለሜሮን ደጅ ላይ ያልነገርኳትን ቀስ እያልኩ እዚህ ልጻፈው።

የፎቶ ሥራ የጀመርኩት ደሴ ነው። ጀመርኩ ስል ውሃ መቅዳት ጀመርኩ ማለቴ ነው፤ ፎቶ ሲታጠብ ብዙ ውሃ ይፈልጋል። ባለ ፎቶ ቤቱ አቶ ይመር ይባሉ ነበር። ጥቁር ጨርቅ ውስጥ ጭንቅላታቸውን ቀብረው ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጮኻሉ፦ «ጫማ ይግባ! ጫማ ይግባ!» ያን ጊዜ ሰው ፎቶ የሚነሳው ከእግር እስከ ራሱ ነው። አንድ ባላገር ፎቶውን ሊወስድ መጥቶ፣ ጫማው ከቁርጭምጭሚት በታች እንደቀረ ሲያይ፣ «እግሬን ቆርጠኸኛል፤ እንዴት ብዬ አገሬ እገባለሁ?» ብሎ አቶ ይመርን ሲሟገታቸው ዋለ። አቶ ይመር አልተቆጡም፤ ዳግመኛ አነሱት። ያን ጊዜ በሆዴ ስቄ ነበር። ሳቄ በኋላ ቶሮንቶ ድረስ ይከተለኛል ብዬ አላሰብኩም።

ዘመኑ ገፋን። በሱዳን አድርጌ በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ማለቂያ ቶሮንቶ ገባሁ። መጀመሪያ ሳህን አጠብኩ። ቀጥሎ ጄን ኤንድ ፊንች የሚባል ሰፈር አጠገብ አንድ ሞል ውስጥ፣ በአንድ ሰዓት ፎቶ አጥቦ የሚሰጥ ሱቅ ተቀጠርኩ። አለቃዬ ክራባት ያሰረ፣ ዓይኑን ከግድግዳ ሰዓቱ የማይነቅል ወጣት ነበር። ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ለእሱ ጥሩ ፎቶ ማለት የደረሰ ፎቶ ነው። ማሽኑ ሁሉን በራሱ ይሠራል፤ እኛ ወረቀት ማጉረስ ብቻ ነው። የእኛ ሰዎች ከካሪቢያኖቹ ጋር እየተሰለፉ ይመጣሉ፤ ፖስታውን ከፍተው ያያሉ፤ ፊታቸው ጠቁሮ ጥርሳቸው ብቻ ይታያል። ማንም አይቆጣም። «ምን ይደረግ፣ ጥቁር ነን እኮ» ብለው ወደ ቦርሳቸው ይከቱታል። እኔም እንደዚያው መስሎኝ ነበር።

ያ ሱቅ ሲዘጋ አንድ ወዳጄ ዳንፎርዝ ላይ ሰው የሚፈልግ ፎቶ ቤት አለ አለኝ። ደመወዙ ከበፊቱ ብዙም አይሻልም፤ ግን ከምድር ባቡሩ፣ ከሰብዌይ ስወጣ ፊት ለፊት ነው። ሚስ ዶሪንን ያገኘኋት እዚያ ነው።

ሚስ ዶሪን ትሪኒዳድ ከምትባል ደሴት የመጣች፣ ስድሳን የተሻገረች፣ አጭር ሴት ነበረች። በአገራችን ወግ አንቱ ልላት ይገባኛል። ግን ያን ያህል ዘመን በእንግሊዝኛ አብሬያት ሠርቼ ዛሬ በጽሑፍ አንቱ ብላት ራሷ የምትስቅብኝ ይመስለኛል። መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ታንጠለጥላለች። ነጭ የጥጥ ጓንት ሳታጠልቅ የታጠበውን ፊልም፣ ኔጋቲቩን፣ አትነካም። የሚሸጠውን ፊልም ምሳዋ በሚቀመጥበት ፍሪጅ ውስጥ ታኖረዋለች፤ «ሙቀት ቀለምን ያሳብዳል» ትላለች። የሱቁ ባለቤት ዝምተኛ ሰው ነው፤ ሁሉንም ለእሷ ትቶ ብቅ የሚለው ወደ ማታ ብቻ ነበር።

አንድ ጠባይ ነበራት። ማሽኑ ላይ ተቀምጣ ፎቶ ልታትም ስትል፣ በማሽኑ መስኮት የሚታየው ኔጋቲቭ ላይ ፊቱን ትፈልግና፣ ዝቅ ባለ ድምፅ «ደህና አደርሽ» ወይም «ደህና አደርክ» ትለዋለች። ሰላም ሳትል ቁልፉን አትጫንም። መጀመሪያ እኔን የምታናግር መስሎኝ አቤት እል ነበር።

«ለማን ነው ሰላም የምትይው?» አልኳት አንድ ቀን።

«ለሰውየው ነዋ። ሰላም ለማለት ፊቱን ማየት አለብኝ፤ ፊቱን ካየሁ ማሽኑ አያታልለኝም» አለችኝ። «ይህ ማሽን አሸዋ ሲያይ ያጠቁራል፣ በረዶ ሲያይ ያጠቁራል፤ ሁሉን ነገር ግራጫ ማድረግ ነው የሚወደው። ፊታችንም አብሮ ይጨልማል። አሸዋ ደግሞ እናት የለውም፣ ግርማ። በረዶም እናት የለውም። እናት ያለው ፊት ነው። እሱን እያየህ ተጫን።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የእኛ ሰው ፊት ከእጄ ጠቁሮ አልወጣም። ሰዎች ፖስታውን ከፍተው ደግመው ያዩና፣ «ፊልሙ ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁኝ ነበር። ፊልሙ ብቻ አልነበረም።

ፊልም ስትሸጥ ደግሞ እንዲህ ነበረች። ሰመር ሲደርስ ደንበኛው እየተጣደፈ ይገባና «ቢጫውን ካርቶን ስጪኝ» ወይም «አረንጓዴው ለባሕር ይሻላል አሉ» ይላል። እሷ እጇን ከመደርደሪያው ትመልሳለች። «የምታነሳው ካርቶኑን ነው? የት ነው የምትሄደው?» ከዚያ ማን እንደሚነሳ፤ ከዚያ ፀሐይ የት እያለች እንደሚያነሳ ትጠይቃለች። ሦስቱ ሳይመለሱ ፊልም አይወጣም። የሚናደድ አለ፤ ተናዶ የሄደም አለ። የሄደው በሚቀጥለው ሰመር ጨለማ ፎቶውን ይዞ ይመለሳል።

በካርቶኑ ላይ መቶ፣ ሁለት መቶ፣ አራት መቶ የሚል ቁጥር አለ። መቶው ብዙ ብርሃን ይፈልጋል፤ ሥዕሉ ግን የጠራ ነው። አራት መቶው በትንሽ ብርሃን ይጠግባል፤ ፎቶው ሲተልቅ ግን እንደ ክክ ይሻክራል። ሁለት መቶው መካከለኛ ነው። ለቢች ሰው ሁሉ ፀሐይ አለ ብሎ መቶውን ይላል። ሚስ ዶሪን ለጥቁር ፊት ሁለት መቶውን ታወጣለች። ካሜራው ቁጥር በእጅ የሚሞላ ከሆነ ደግሞ «መቶ ነው ብለህ ዋሸው» ትላለች። ያኔ ካሜራው እጥፍ ብርሃን ያስገባል። ነጩ አሸዋ ካሜራውን አታልሎ ዓይኑን እንዲያጠብብ ያደርገዋልና፣ እሷ ቀድማ ታታልለዋለች።

እኔ ነገሩ የገባኝ በወጥ ነው። ወጥ ሲወፍር ውሃ ጠብ ታደርግበታለህ። ከቀጠነና በርበሬው ካለቀ ግን ምን ትጨምርበታለህ? ከለር ኔጋቲቭም ብርሃን ቢበዛበት ማሽኑ ላይ ይስተካከላል፤ ካነሰው ግን የሌለውን ከየት ታመጣለህ? ይህን ስነግራት «እስቲ ያን ወጥ አምጣና እኔ ልፍረድ» አለች። አመጣሁላት፤ ሲያቃጥላት ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ፣ ቀምሳ «በርበሬው ያንሰዋል» አለችኝ።

አሁን ወደ ጫማው ልምጣ።

ሙሉ የምትባል፣ ከከተማው ምሥራቅ ከስካርቦሮ የምትመጣ ደንበኛ ነበረችን። ሆስፒታል ውስጥ የልብስ እጥበት ክፍል ትሠራለች፤ ሳራና ናትናኤል የሚባሉ እዚሁ የተወለዱ ሁለት ልጆች አሏት። በዘጠናዎቹ አጋማሽ አንድ ሰመር አባቷ አቶ ወርቅነህ በጉብኝት ቪዛ መጡላት። እናቷ እማማ ዘነበች አብረው አመልክተው ነበር፤ ቪዛው የተሰጠው ለአባት ብቻ ነው።

አንድ ቀን ይዛቸው መጣች። ኮፍያ፣ ጥቁር ጃንጥላ፣ ፊት የሚያሳይ የተወለወለ ጫማ። ሰላምታ ተለዋውጠን ሳንጨርስ ዓይናቸው ሚስ ዶሪን ላይ አረፈ።

«ይቺ ሴትዮ ወሎዬ ናት፣ አይደለችም?»

«አይደለችም፣ አባቴ። አገሯ ትሪኒዳድ ነው።»

«ትሪኒዳድ… ከወሎ ቦረና በላይ ነው ወይስ በታች?»

ሚስ ዶሪን ምን አሉ ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። «ትንሽ ከላይ ነው በላቸው» አለች።

«ጋሽ ግርማ፣ ዋሳጋ ቢች ልወስዳቸው ነው» አለች ሙሉ። «ቬኬሽኔን ወስጃለሁ። አባዬን ከልጆቹ ጋር ማንሳት አለብኝ። ለእማዬ ነው።»

ሽማግሌው ጃንጥላቸውን ጠረጴዛው ላይ አጋደሙና ነገሩን ራሳቸው ያዙት። «ስሙኝማ፣ አቶ ግርማ። ዘነበች ስትሸኘኝ አልሳመችኝም፤ አደራ ነው የሰጠችኝ። የልጆቹ የትምህርት ቤት ፎቶ ተልኮላታል። "ይኼ የሱቅ ፎቶ ነው፤ አንተ አቅፈሃቸው ፊታቸውን ልይ" አለች። ዓይኗ ደክሟል፣ ፊቱ ትልቅ ካልሆነ አይታያትም። እኔ ደግሞ አምና እግሬን ታምሜ ከአልጋ አልወርድም ነበር። "አንተንም በመካከላቸው ቆመህ ልይህ" ብላኛለች። ይህንን ሳልይዝ ብመለስ በሩን አትከፍትልኝም።»

ሳቁ፤ ግን ሳቃቸው ሲያልቅ ፊታቸው አልሳቀም። ሁለቱም አርጅተዋል። እማማ ዘነበች ልጆቹን የሚያዩት በዚህ ፎቶ ነው ወይም አያዩአቸውም፤ ይህን ሱቅ ውስጥ ያለን ሁሉ አውቀነዋል።

ሚስ ዶሪን ሦስቱን ጠየቀች። የሙሉ ካሜራ ትንሽ፣ ሁሉን በራሱ የሚሠራ ነው፤ ቁጥር አይሞላም፣ አይዋሽም። ሁለት መቶውን ሰጠቻትና አንዲቱን ቁልፍ በጣቷ አሳየቻት። «ይህን ተጫኚ፤ በፀሐይም ቢሆን ፍላሹ ይብራ።»

«በፀሐይ ፍላሽ? እብድ ናት ይሉኛል እኮ!» አለችኝ ሙሉ በአማርኛ።

«ይበሉሽ» አልኳት እኔው። «ፊታቸው ላይ መብራት እንደ መርጨት ነው።»

«ፊልሙን መኪና ውስጥ እንዳትተዪው» አለች ሚስ ዶሪን።

ሄዱ። ሲመለሱ ሙሉ ከበሩ ጀምራ ነው የምታወራው፦ አባዬ ውሃውን በጣታቸው ቀምሰው «ጨው የለውም፤ ባሕር ብላችሁ ሐይቅ አመጣችሁኝ» ማለታቸውን፣ ልጆቹ አሸዋ ውስጥ ሊቀብሯቸው መሞከራቸውን። ፊልሙን እኔ አጠብኩት። ሚስ ዶሪን ጓንቷን አጥልቃ ማሽኑ ላይ ተቀመጠች። እኔ ከኋላዋ ቆሜ ሰላምታዋን ጠበቅኩ።

ዝም አለች።

ቀጣዩን ሳበች። ዝም። ሌላውንም። ሰላም የምትለው ፊት አጥታ ነው።

አንዱን አትማ አወጣችው። አሸዋው ግራጫ፣ ሰማዩ ግራጫ፣ መካከል ላይ ነጭ ጋቢና ነጭ ቀሚስ፤ ከልብሱ በላይ ጥቁር ቀዳዳ። አበራችው፤ አሸዋው እንደ ወተት ፈሰሰ፣ ፊታቸው ግን አመድ ሆነ እንጂ ፊት አልሆነም። ኔጋቲቩን የሚያበራው መስታወት ላይ አድርጋ በአጉሊ መነጽሯ ጎነበሰች። ፊታቸው መኖር የነበረበት ቦታ እንደ ንጹሕ ውሃ ባዶ ነው። ቀጥና ያለቀች ወጥ።

«ፍላሹን ተጭኛለሁ! ማርያምን! ሁሉንም እንዳለችኝ ነው ያደረግኩት!» አለች ሙሉ። እውነቷን ነው፤ ፍላሹ በርቷል።

ሚስ ዶሪን ፎቶውን አዞረችላት። «ለምንድን ነው እንዲህ ርቀሽ የቆምሽው?»

«ጫማቸው እንዲገባ ነዋ!»

ሚስ ዶሪን አልገባትም፤ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ደግሞ ደሴ ነበርኩ፤ አቶ ይመር ጨርቅ ውስጥ ሆነው ይጮኻሉ። ሙሉ ጫማ ለማስገባት ወደ ኋላ ወደ ኋላ ብላ ብላ፣ ፍላሹ ደክሞ መንገድ ላይ ቀርቷል። ሽማግሌው ደግሞ ጃንጥላቸውን ዘርግተው፣ ሦስቱም ጥላ ሥር ገብተዋል። ብርሃኑ ደርሶ ቢሆን ኖሮም ፊታቸው የምስር ፍሬ ነው የሚያክለው፤ እማማ ዘነበች አያዩትም።

«ቀረብ ብለሽ ከደረት በላይ ብታነሺስ ኖሮ?» አልኳት።

የመለሱልኝ አባትየው ናቸው። «ጉርድ ፎቶ? ጉርድ ፎቶ ለመታወቂያ ነው፤ ካልሆነም ለልቅሶ። ዘነበች እግር የሌለው ፎቶ ብታይ ምን የምትል ይመስልሃል? "እግሩ አልዳነም፤ ደበቁኝ" ነው የምትለው። ደግሞ ማን ይፈርድባታል?»

ለሚስ ዶሪን አስረዳኋት። እኛ አገር ክፉ ወሬ ለሰው በድንገት አይነገርም፤ ይሸፈናል፣ ይዘገያል። ስለዚህ ሰው ፎቶ ላይ ያላየውን ነገር ሆን ብለው ሸሸጉኝ ብሎ ነው የሚያስበው። እሷ ጓንቷን አንድ በአንድ አወለቀች፤ ሥራ ሳትጨርስ ጓንቷን ስታወልቅ ያን ቀን ብቻ ነው ያየኋት።

«ይህን ሁሉ ዓመት ሦስት ጥያቄ እጠይቃለሁ» አለች። «ይህንን ግን ጠይቄ አላውቅም። መቼ ነው የሚሳፈሩት?»

«ሰኞ» አለች ሙሉ።

ቅዳሜ ነበር።

«እሑድ እረፍት ነኝ» አለች ሚስ ዶሪን። «አንተም እረፍት ነህ፣ ግርማ። ቢች እንሄዳለን።»

በማግስቱ ከቅዳሴ መልስ ዉድባይን የሚባል የባቡር ጣቢያ ተገናኝተን በአውቶቡስ ወደ ከተማው ሐይቅ ወረድን። ሰማዩ ጥጥ ተደፍቶበታል፤ ፀሐይ የምትባል የለችም። ሙሉ እንባዋ ዓይኗ ላይ ደርሷል። «ጋሽ ግርማ፣ በቃ ዛሬም ጠፋ! ይኸው ደመና ነው!»

ሚስ ዶሪን ግን አውቶቡስ ውስጥ ሆና መዝሙር ታንጎራጉር ነበር። አሸዋው ጋ ስንደርስ ከቦርሳዋ የራሷን ካሜራ፣ ቁጥር በእጅ የሚሞላውን፣ ከአራት መቶው ፊልም ጋር አወጣች። «ደመና የሁሉም ጥላ ነው በላት። አሸዋው ዛሬ አይጮህም። አራት መቶውን አጉርሰው፤ ሁለት መቶ ነው ብለህ ዋሸው። ሽማግሌውንም ጃንጥላውን ይጠፉት እንዳይሉህ፣ ያጥፉት በላቸው።»

አቶ ወርቅነህ ወደ ሰማይ አዩ፤ ፀሐይ የለም፤ ጃንጥላቸውን ሳይከራከሩ አጠፉና ለሚስ ዶሪን አስያዟት። ልጆቹን በቀኝና በግራ አቀፉ። እኔ ካሜራውን ይዤ ቀረብኩ፤ ደግሞም ቀረብኩ።

«ምን ትጠጋኛለህ? ልትስመኝ ነው?»

ሳራ ከት ብላ ሳቀች። ናትናኤልም እሷን አይቶ ሳቀ።

«ፊትዎ እንዲገባ ነው፣ አባቴ።»

«እግሬስ?»

ካሜራውን ዝቅ አደረግኩት። ፈቀቅ ብዬ ከእግር እስከ ራስ ባነሳ ፊታቸው ምስር ይሆናል፤ ብጠጋ እግራቸው ይቀራል፤ እማማ ዘነበች ደግሞ ሁለቱንም ይፈልጋሉ። ሽማግሌው ቆመው ጠበቁኝ። ከዚያ መሐረባቸውን አወጡና፣ እየተቸገሩም ቢሆን ጎንበስ ብለው ጫማቸው ላይ ያረፈውን አሸዋ ጠረጉ። ያ የታመመ እግር መታጠፉን ሙሉም አየች፤ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ሚስ ዶሪን ጫማውን አየች።

«ጫማውን ለብቻው አንሳው» አለችኝ።

«ምን?»

«አንድ ፊታቸውን። ከዚያ ማንም ሳይንቀሳቀስ፣ አንተ ዝቅ በልና አንድ ጫማቸውን። ሁለት ፎቶ፣ አንድ ሰው። ንገራቸው።»

ነገርኳቸው። ሽማግሌው አሰቡበት፤ በአገራቸው ሽምግልና ተቀምጠው እንደሚያስቡት ነው ያሰቡበት። በመጨረሻ ጃንጥላቸውን የያዘችውን ሴት ዞረው አዩአትና ለሙሉ «ብላችሁ ብላችሁ ብትደብቁኝም፣ ይቺ ሴትዮ ወሎዬ ናት» አሏት።

ፊታቸውን አነሳሁ። ከዚያ አሸዋው ላይ ተንበርክኬ ጫማቸውን አነሳሁ፤ በመካከል የተወለወለው ጥቁር ጫማ፣ በቀኝና በግራ የልጆቹ ባዶ እግር። ናትናኤል እግሩ እንዲገባ ብሎ የአያቱ ጫማ ላይ ወጥቶ ቆሟል። «ውረድ ብዬሃለሁ!» አሉት፤ እሳቸው ግን አላወረዱትም።

ከዚያ ሁላችንም ወደ ሱቁ ሄድን፤ ሚስ ዶሪን በያዘችው ቁልፍ ከፈተችልን። ማሽኑ እስኪሞቅ ልጆቹ መስታወቱ ላይ አፍንጫቸውን ለጥፈው ጠበቁ። ሚስ ዶሪን ጓንቷን አጠለቀች፣ ጎነበሰች።

«ደህና አደራችሁ» አለች፤ ቀኑ ግን ተጋምሷል።

አቶ ወርቅነህ ፎቶውን ተቀብለው ወደ መስኮቱ ሄዱ። ፊቱን አዩ፤ ጫማውን አዩ፤ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች አድርገው ደግሞ አዩ። ከዚያ ፊትና ጫማውን አፍ ለአፍ አጋጥመው የደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። «በሩን ትከፍትልኛለች» አሉ።

ሰኞ ተሳፈሩ። ሚስ ዶሪን ደግሞ ከዚያ ሳምንት ጀምሮ አራተኛ ጥያቄ ጨመረች፤ ለግሪኩም ለጣሊያኑም ለሁሉም። «ፊት ነው ጫማ?» ግማሹ ያፈጥጥባታል፤ ግማሹ ስቆ ይሄድና ጓደኛ ይዞ ይመጣል። እኔ ደግሞ የአቶ ይመርን ነገር ነግሬያት፣ ጩኸታቸውን በአማርኛ አስተምረኝ ስትለኝ አስተማርኳት። ሥራ ሲበዛባት እያንጎራጎረች ትለው ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ አቶ ወርቅነህ አገራቸው ማረፋቸውን ሰማን። ልቅሶ ስካርቦሮ ሄድን፤ ሚስ ዶሪን ነጠላ ተውሳ፣ ሰው እንዳደረገው እያየች አደግድጋ ተቀመጠች። ሙሉ ለተዝካሩ አገር ቤት ሄዳ ስትመለስ፣ ገና ጥቁሯን ሳታወልቅ አንድ ጥቅል ፊልም አመጣች። «ጋሽ ግርማ፣ እባክህ አንተ እጠብልኝ።»

ማሽኑ ላይ እኔ ነበርኩ። ሙሉ ጠረጴዛው ማዶ ቆማ ትጠብቃለች። ሰላም እያልኩ፣ አንድ በአንድ እያየሁ፣ አንዱ ላይ እጄ ቆመ። ሰማያዊ የተቀባ ግድግዳ። እማማ ዘነበች ጥቁር ለብሰው ግድግዳው ጥግ ቆመዋል፤ እኔ እሳቸውን ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ከጎናቸው ግድግዳው ላይ፣ የሰው ፊት በሚሆንበት ቁመት፣ ያነሳሁት የፊት ፎቶ በመስታወት ተሰቅሏል። የጫማው ፎቶ ግን ከሥሩ አይደለም። ወርዶ ወርዶ፣ ወለሉን ሊነካ ትንሽ ሲቀረው ተሰቅሏል። በሁለቱ መካከል ባዶ ግድግዳ ነው።

ልጅ የሰቀለው መስሎኝ ሙሉን ጠየቅኳት።

«እኔም ገርሞኝ ጠይቄያት ነበር» አለች። «"ቁመቱ ይኼው ነበር" አለችኝ። ከጎኑ እንደምትቆም ሆና፣ በትከሻዋ ለክታ ነው ያሰቀለችው። ጠዋት ጠዋት ጨርቅ ይዛ ትመጣለች። መጀመሪያ የልጆቹን ፊት ትጠርጋለች፤ ከዚያ ጎንበስ ብላ ጫማውን ትወለውልለታለች።»

ፎቶውን አተምኩ። እነዚያ ማሽኖች ከኔጋቲቩ ዳርና ዳር ትንሽ ትንሽ ይበላሉ፤ ሰው አያስተውለውም። የእማማ ዘነበች ፊት አምሮ ወጥቷል፤ ታች ግን፣ ወለሉ ጋ፣ የተሰቀለው ጫማ ግማሹ ተቆርጦ ቀርቷል።

ሚስ ዶሪን ከኋላዬ መጥታ ኖሯል። አላዘዘችኝም፤ በእጇ ፈቀቅ አደረገችኝና ተቀመጠች። ጓንቷን አጠለቀች። «ደህና አደሩ፣ እማማ» አለች። ከዚያ ኔጋቲቩን በመያዣው ውስጥ በጣቷ ጫፍ፣ እንደ ፀጉር በቀጠነ ልክ፣ ወደ ላይ ገፋችው።

«ጫማ ይግባ» አለች፣ በአማርኛ።

ገባ።